የሙክት ሽንት መታገድ፦ ጥፋቱ የድሬ ውሃ ነው ወይስ ፉርሽካው?

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፍየል የምታደልቡ ካላችሁ እባካችሁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ።

ሳቢያን ግቢያችን ውስጥ ለአረፋ የሚሸጡ ሙክቶች እያደለብኩ ነው። ከሱማሌ ክልል በኩል የመጡ ናቸው። ስገዛቸው የጎድን አጥንታቸው ይቆጠር ነበር። አሁን ጀርባቸው ሞልቷል፣ ፀጉራቸውም ያበራል። ችግሩ ሽንት ላይ ነው። ከሁሉም በላይ የደለበውን አንድ ቀን ጠዋት ጀርባውን አጉብጦ ሲያምጥ አገኘሁት። ጅራቱን ያርገበግባል፣ በኋላ እግሩ ሆዱን ይመታል፣ ያቃስታል። ጎረቤት ሁሉ የሆድ ድርቀት ነው አለ። ከሰዓት በኋላ ማማጡን ትቶ ጸጥ አለና ተሻለው ብለን ደስ አለን። በማግስቱ ሞተ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ሲከፍተው ፊኛው ተቀዷል፣ ሆዱ ውስጥ ሽንት ሞልቷል። ከሽንት ቱቦው ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ጠጠሮች አወጣ።

ዛሬ ደግሞ ሌላው ጠብታ ጠብታ ነው የሚሸናው።

ለአንድ ፍየል በቀን 600 ግራም ገደማ ፉርሽካና 400 ግራም የተከተከተ የማሽላ አገዳ እሰጣለሁ። ገራባ (የጫት ትራፊ) ሲገኝ እጨምራለሁ። ጨው አልፎ አልፎ ነው። የሚጠጡት የቧንቧ ውሃ ከሮቶ ተቀድቶ ነው። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ሰው ሁሉ «ውሃው ነው» ይለኛል። ውሃ እየገዛሁ ላጠጣቸው? ወይስ ከመኖው ነው? ገንዘቤ ሁሉ እነዚህ ፍየሎች ላይ ነው ያለው።

ደቻቱ

አቦ ውሃው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! እኛ ቤት የውሃ ማሞቂያው በነጭ ድንጋይ ተደፍኖ ስንቴ ነው የተቀየረው። ሰውም እኮ ኩላሊቱ ላይ ጠጠር የሚይዘው ከዚሁ ውሃ ነው ይባላል። እኔ ብሆን ውሃውን አፍልቼ፣ አስተኝቼ፣ ከላይ ከላዩ ነበር የምሰጣቸው። ቀንስም። ብዙ ባልጠጡ ቁጥር ጠጠሩም ያንሳል።

ቢሾፍቱ የከረመ

ወደ ድሬ ከመመለሴ በፊት ቢሾፍቱ አካባቢ አሳማ እርባታ ውስጥ መኖ አቀላቅል ስለነበር ከዚያ ልነሳ። ለሚያድግ እንስሳ ፎስፈረስ ትልቅ ነገር ነው። በሰውነት ውስጥ ካለው ፎስፈረስ 80 በመቶ ያህሉ አጥንትና ጥርስ ላይ ነው የሚገኘው። እንሠራበት የነበረው ሠንጠረዥ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2012 ያወጣው ነው (በፈረንጆቹ)። ከ25 እስከ 50 ኪሎ ያለ አሳማ ከመኖው 0.56 በመቶ ጠቅላላ ፎስፈረስና 0.66 በመቶ ካልሲየም ይፈልጋል። ከ50 እስከ 75 ኪሎ ሲደርስ 0.52 እና 0.59 ይሆናል። 100 ኪሎ ካለፈ 0.43 ይበቃዋል። ሲያንሰው እግሩ ይጣመማል፣ ያነክሳል፣ መብላቱን ይተዋል።

እኛ ፉርሽካና በቆሎ ላይ ዲካልሲየም ፎስፌት እንጨምር ነበር። 18 በመቶው ፎስፈረስ ነው። ያለ እሱ አሳማው አያድግም። ያንተም ፍየሎች እያደጉ ነው። ሽንታቸው የታወከው ማዕድን ጎድሏቸው ይሆናል። ከመኖው 1 በመቶ ያህል ዲካልሲየም ፎስፌት ጨምርና እይ። እሱን ካጣህ የአጥንት ዱቄትም ይሠራል።

መኖ ቤት (ሐረር)

የሳቢያኑ ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ አቆየውና ጠብታ ጠብታ የሚሸናውን ፍየል አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰደው። ለነገ አይባልም። ሽንት ፈጽሞ ከተዘጋ ፊኛው ወይም ቱቦው ይቀደዳል። የመጀመሪያው ፍየልህ ከሰዓት በኋላ ጸጥ ያለው ፊኛው ተቀዶ ግፊቱ ስለቀነሰለት ነው። ስለዚህ ድንገት ማማጡን ቢያቆም ተሻለው ብለህ አትዘናጋ። ውሃ በግድ አትጋተው። የሚያሸና መድኃኒትም በራስህ አትስጠው፣ መውጫ በሌለበት ግፊቱን ይብስበታል። የፍየል ብልት ጫፍ ላይ ጅራት የምትመስል ቀጭን ቱቦ አለች። ጠጠሩ ብዙ ጊዜ እዚያች ላይ ነው የሚቀረቀረው። ጠጠሩ እዚያ ከሆነ ሐኪሙ እሷን ቆርጦ ሊያስተነፍሰው ይችላል። ከፍ ብሎ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ያኔ ይታረድ አይታረድ የሚለውን እሱ ይወስን።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሸዋ በር አካባቢ መኖ እሸጣለሁ። ትምህርቴም የእንስሳት ሳይንስ ነው፣ ሐረማያ ነው የተማርኩት። ከሱቄ በብዛት የሚወጣው ፉርሽካ ነው። ያም ሆኖ የምነግርህ ፉርሽካውን በግማሽ ቀንስ ነው። አረፋ በቀረበ ቁጥር ይህንኑ ታሪክ የሚነግሩኝ ደንበኞች ይመጣሉ። ሁሉም ውሃውን ይወቅሳሉ። ጆንያውን የሚጠረጥር የለም።

ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የምታየው ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በፉርሽካ የደለበ ሙክት ፊኛ ውስጥ የሚሠራው ጠጠር በአብዛኛው ሌላ ነው። ፎስፈረስ፣ ማግኒዚየምና አሞኒየም ተጣብቀው ነው የሚሠሩት። ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ካልሲየም ካርቦኔት የሆነ የፍየል ጠጠርም አለ፣ ግን እሱ የሚበዛው እንደ አልፋልፋ ያለ ካልሲየም የበዛበት መኖ በሚበሉት ላይ ነው። ያንተዎቹ አልፋልፋ አላዩም።

ፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረስ 1.1 በመቶ አካባቢ ነው። ካልሲየሙ ግን 0.1 በመቶ ብትል ነው። ያንተን የቀን መኖ እናስላው። 600 ግራም ፉርሽካ 6.6 ግራም ፎስፈረስ ይሰጣል። አገዳው 0.4 ግራም ይጨምራል። 7 ግራም ሆነ። 25 ኪሎ ገደማ የሆነ የሚያድግ ፍየል ግን በቀን የሚበቃው ከ2 እስከ 3 ግራም ነው። ካልሲየሙን ስትደምር 2 ግራም ገደማ ብቻ ታገኛለህ። ለወንድ ፍየል ካልሲየሙ የፎስፈረሱ እጥፍ ቢሆን ነው ደግ። አንተ ጋ ተገልብጧል፣ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። በሽታው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለቢሾፍቱው ወንድሜ፦ ስለ አሳማ ያልከው ልክ ነው። ቁጥሮቹም ልክ ናቸው። ግን አሳማና ፍየል ፎስፈረስን የሚያገኙበት መንገድ ለየቅል ነው። እህል ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ገደማ፣ ፉርሽካ ውስጥ ደግሞ ከዚያም የሚበልጠው፣ ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ ነው የሚገኘው። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ እንደተቀመጠ ገንዘብ ቁጠረው። የሚከፍተው ፋይቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። አሳማና ዶሮ ይህ ኢንዛይም በበቂ የላቸውም። ስለዚህ አሳማ ፉርሽካ በልቶ ፎስፈረስ ሊያጥረው ይችላል። አብዛኛው ሳይነካ ከፋንድያው ጋር ይወጣል። ለዚህ ነው እናንተ ዲካልሲየም ፎስፌት የምትጨምሩት። ሌላው ቦታ ፋይቴዙን ራሱን መኖው ላይ ይጨምሩታል። በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ከጠቅላላው ጎን የሚፈጨው (ሆድ ፈጭቶ የሚጠቀምበት) ፎስፈረስ ለብቻው የተጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ከ25 እስከ 50 ኪሎ ላለ አሳማ የሚፈጨው 0.31 በመቶ ነው። 0.56 የሚለውን ብቻ ይዞ መኖ የሚቀምም ሰው ይሳሳታል፣ ፎስፈረሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት።

ፍየል ግን ያመሰኳል። ትልቁ ጨጓራው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ፋይቴዝ ያመርታሉ። የፉርሽካው ፎስፈረስ ከሞላ ጎደል ይፈታለታል። እዚህ ላይ ዲካልሲየም ፎስፌት መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። የሳቢያኑ፣ እባክህ አትጨምር። የአጥንት ዱቄትም አትስጥ። እሱም ፎስፈረስ ነው፣ በዚያ ላይ አሠራሩ ያልታወቀ የአጥንት ዱቄት በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አገዳውን እንደ ሆድ መሙያ ብቻ የሚያዩት ብዙ ናቸው። ፍየል ሲያመሰኳ ምራቁ ይፈሳል። ምራቁ ውስጥ ፎስፈረስ አለ። ትርፍ ፎስፈረስ በጤናው መንገድ በምራቅ ወደ ሆድ ይመለስና ከበጠጡ ጋር ይወጣል። ፉርሽካ በዝቶ አገዳ ሲያንስ ማመስኳቱ ይቀንሳል፣ ምራቁም ይቀንሳል። ያኔ ትርፉ ወደ ሽንት ይዞራል። የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን የሚያደልበው ከማሳው በሚያሳሳው የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ፣ በቅጠልና በአገዳ ነው፣ እፍኝ እፍኙን እያጎረሰ። ያ ዘዴ ሰንጋውን ቀኑን ሙሉ ሲያመሰኳ ያውለዋል። እኔ ከማንኛውም ጆንያ በላይ አምነዋለሁ።

ከሱማሌ በኩል የሚመጡት ፍየሎች ነገሩን ያወሳስቡታል። በበጋ ደረቅ ግጦሽ ላይ የከረመ እንስሳ ፎስፈረስ ሊያጥረው ይችላል። አጥንትና እንጨት ሲያኝክ የምታየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ «ፎስፈረስ ያንሰዋል» የሚለው ሰው ሜዳ ላይ ያለውን እንስሳ ይዞ ከሆነ አልተሳሳተም። ግቢህ ገብቶ ፉርሽካ ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ባንድ ጊዜ ይገለበጣል።

እኔ ብሆን ለአንድ ፍየል በቀን 300 ግራም ፉርሽካ፣ 100 ግራም የኦቾሎኒ ፋጉሎ፣ 600 ግራም አገዳ ወይም ድርቆሽ፣ 20 ግራም ደግሞ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እሰጥ ነበር። ፎስፈረሱ ወደ 4.5 ግራም ይወርዳል። የኖራ ድንጋይ 37 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ስለሆነ ካልሲየሙ 10 ግራም ይደርሳል። ሁለት ለአንድ አለፍ ብሎ መጣልህ። ዱቄቱን ሲቀምሱት ይጠሉታል፤ ፉርሽካውን በትንሽ ውሃ አርሰህ ከውስጡ ለውሰው። ፋጉሎው የባቢሌ አካባቢ ኦቾሎኒ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን አሽተው። ሻጋታ የነካው ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ጉበት ይጎዳል። ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛም።

ውሃውን በተመለከተ፣ ደቻቱ «ቀንስ» ያልከውን በፍጹም አልስማማበትም። ሽንት ሲወፍር ነው ጠጠር የሚረጋው። የድሬ ሙቀት ላይ ውሃ ያነሰው ሙክት ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቁራል። ውሃ መግዛት አያስፈልግም፣ የቧንቧው ይበቃል። ግን ሮቶው ፀሐይ ላይ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ውሃው ይፈላል፣ ፍየል ደግሞ ትኩስና የቆሸሸ ውሃ አይጠጣም። ጠዋት በጀሪካን ቀድተህ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። ገንዳውን በየቀኑ እጠበው። ጨውን «አልፎ አልፎ» ብለሃል፤ በየቀኑ 10 ግራም ከመኖው ጋር ቀላቅል። ጨው ያስጠማል፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። ውሃ የሚጠፋበት ቀን ከሆነ ግን ጨውም ፉርሽካም ቀንስ።

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

እህቴ አላህ ይስጥልኝ። ፍየሉን ወሰድኩት። ያልሽው ነው የሆነው፣ ጠጠሩ ጫፏ ላይ ነበር። ሐኪሙ ቆረጣት፣ ወዲያው ሸና። መድኃኒት ሰጥቶታል፣ ነገ መልሼ አሳየዋለሁ።

ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ ድሬ የሲሚንቶ አገር ነው፣ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። የድንጋይ ዱቄቱን እዚሁ ብወስድስ? ለግድግዳ የሚቀባው ኖራስ ይሆናል? ሁለተኛ፣ ገና ምንም ያልሆኑትን በምን ልለያቸው? ሦስተኛ፣ የሚቀጥለውን ዙር ወጠጤ ገዝቼ እዚሁ ላኮላሽ አስቤያለሁ፣ ምን ትያለሽ?

መኖ ቤት (ሐረር)

አብሽር፣ ጥሩ ሠርተሃል። ግን ጫፏ መቆረጧ ፊኛው ውስጥ የቀረውን ጠጠር አያወጣም። ለጥቂት ቀናት ሲሸና ቆመህ እየው። ፍሰቱ ከቀጠነ ተመለስ። ሽንትን አሲዳማ የሚያደርግ አሞኒየም ክሎራይድ የሚባል ነገር አለ፣ ከመኖው 0.5 በመቶ ያህል ይሰጣል። ይሄኛው ዓይነት ጠጠር አሲድ አይወድም። ሐኪምህን ጠይቀው፣ መጠኑን እሱ ይወስን።

የግድግዳ ኖራ በፍጹም አይሆንም። የተቃጠለ ነው፣ አፍና ጉሮሮ ይልጣል። ሲሚንቶም እንዲሁ። የሚፈለገው ሳይቃጠል እንዲሁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። የድሬ ድንጋይ ለዚህ የሚሆን ካልሲየም አያጣም፣ ግን ለሕንፃ የተፈጨው ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም። ለዶሮ መኖ ተብሎ የሚሸጠውን ግዛ። ዋጋው ከፉርሽካው አንጻር ኢምንት ነው።

ለምልክት፣ ማታ ሲተኙ ገልብጠህ በብልታቸው ዙሪያ ያለውን ፀጉር በጣትህ ዳስሰው። አሸዋ ዓይነት ሻካራ ነገር ከነካህ እዚያ ፍየል ላይ ጠጠር መሠራት ጀምሯል። ፀጉሩ ደረቅ ሆኖ ሰውነቱ ከተነፋ፣ ጥርሱን ካፋጨ፣ ከመንጋው ተለይቶ ከቆመ አትጠብቅ።

ማኮላሸቱን በተመለከተ፣ በጣም ትንሽ ሳለ የተኮላሸ ወንድ የሽንት ቱቦው እንደ ልብ አይሰፋም። ቱቦውን የሚያሳድገው የወንድነቱ ሆርሞን ነው። ቢያንስ 5 ወይም 6 ወር ይሙላው። ሥራውንም ባለሙያ ይሥራው። ድብልቁን ግን ከገዛህበት ቀን ጀምር፣ ፉርሽካውን ደግሞ ቀስ እያልክ በሳምንትና በሁለት ሳምንት አሳድገው። ቶሎ አወፍራለሁ ብለህ በሁለት ቀን የምታጠግበው ፍየል መጀመሪያ ሆዱን ነው የሚታመመው።

ገራባን ጠይቀኸኝ ነበር? አልጠየቅክም፣ ግን ልንገርህ። ጥሩ ነው፣ ፍየል ይወደዋል፣ ያመሰኳበታል። ብቻ ጫቱ ሰሞኑን መድኃኒት የተረጨ እንዳይሆን ከምታመጣበት ሰው አጣራ።

ቢሾፍቱ የከረመ

እህቴ፣ ስለ ፋይቴቱ ያልሽው ገብቶኛል። ምክሬን አንስቻለሁ፣ የሳቢያኑ እሷ ያለችህን አድርግ። አንድ ጥያቄ አለኝ። አጎቴ ድሬ ዙሪያ በግ ያረባል። ይህ ድብልቅ ለወንድ በግም ይሠራል? ከዚያ እርባታ የቀረ ትንሽ የአሳማ ማዕድን ቅልቅልም አለኝ፣ እሱን እንዳልጥለው ብዬ ነው።

መኖ ቤት (ሐረር)

ለወንድ በግ የካልሲየምና የፎስፈረስ ነገር ያው ነው፣ ሁለት ለአንድ ይሁን። ጠጠሩም በተመሳሳይ መንገድ ይይዘዋል። የአሳማውን ቅልቅል ግን ለበግ እንዳትሰጥ። የአሳማ መኖ ውስጥ መዳብ ይበዛል። አሳማ ይችለዋል። በግ ግን መዳቡን ጉበቱ ላይ ያጠራቅመውና አንድ ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ቀይ ሆኖ ይሞታል። የዶሮ ማዕድን ቅልቅልም አትስጥ። አሳማ የሚያረባ ከምታውቅ ለእሱ ስጠው፣ አጎትህን ደግሞ በግ ተብሎ የተጻፈበትን እንዲገዛ ንገረው።